የኤሌክትሪክ ሳይክል ባትሪ የት፣ መቼና በምን እንሙላ? በአዲስ አበባ ዳርቻ ለምንኖር የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

የኤሌክትሪክ ሳይክል ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አራብሳ፣ ጀሞ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ለሚኖር ሰው ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ባትሪው የት ያድራል? አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚኖረውና በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ከልጆቹ ጋር ከሚያድረው መልሱ አንድ አይሆንም። መልሱ ሲታወቅ የትኛውን ባትሪ መግዛት እንደሚሻልም አብሮ ይታወቃል። ስለዚህ ከቤቱ እንነሳ።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር በየመንገዱ በዝቷል። መኪና ውጭ ያድራል፤ የሳይክል ባትሪ ግን ከእኛ ጋር ቤት ይገባል። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓመት ብቻ ከሊቲየም ባትሪ በተነሱ 268 ቃጠሎዎች 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ያውም የእሳት አደጋ መኪና በደቂቃዎች በሚደርስበት ከተማ። ኮብልስቶኑ ባላለቀበት ሰፈር የምንኖር ሰዎች ይህን ቁጥር ቆም ብለን ልናየው ይገባል።

ቦታው

ከሁሉ በፊት ቤትዎ ውስጥ ቆመው አንድ ነገር ይመልከቱ። ባትሪው እዚህ ቢቀጣጠል፣ ቤተሰቡ በየት በኩል ይወጣል? መውጫው ባትሪው አጠገብ ብቻ ከሆነ ቦታው አይሆንም። አየር ቢኖረው፣ ጥላ ቢኖረው፣ ሶኬቱ ቢቀርብ አይሆንም። የሊቲየም ባትሪ የተሠራው ሴል ከሚባሉ ብዙ ትናንሽ ባትሪዎች ነው፤ ሲበላሽ አንዱ ሴል ከልክ በላይ ይሞቅና አጠገቡ ያለውን ያሞቃል፤ ያኛው ደግሞ ቀጣዩን። እሳቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሊነሳ ይችላል፤ ጭሱ መርዛማ ነው፣ ክፍሉንም ቶሎ ይሞላዋል። አልፎት ለመሮጥ ጊዜ አይኖርም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ብዙ ሰው የሚመርጠው ደረጃ ሥርን ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሳይክሉ ከባድ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ታች የጋራ መብራት አለ። ነገር ግን ከቦታዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ደረጃው ብዙ ጊዜ ለመላው ብሎክ ብቸኛ መውጫ ነው፤ ጭስ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ታች የተነሳ እሳት አራተኛ ፎቅ ያሉትን አሮጊትና ሕፃን መውጫ ያሳጣቸዋል። ሳይክሉን እዚያ ማቆም ከኮሚቴው ጋር የሚያነጋግር ጉዳይ ነው፤ ባትሪውን እዚያ መሙላት ግን ፈጽሞ አይገባም።

በረንዳ ይሻላል፣ ባዶ ከሆነ። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ የከሰል ማዳበሪያ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የተሰጣ ልብስ ሁሉ እዚያ ነው። ሲሊንደር ካለ አይሆንም። ከሌለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ፣ የከሰዓት ፀሐይና ዝናብ የማያገኘው ጥግ ካለ ጥሩ ምርጫ ነው።

ቤት ውስጥ የግድ ከሆነስ? በብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ዋናው በር የሚከፈተው ሳሎን ላይ ነው፤ መኝታ ቤቶቹ ከሳሎኑ ወዲያ ናቸው። ባትሪውን በር አጠገብ ማድረግ ማለት የተኙትን ሰዎች መውጫ መዝጋት ማለት ነው። ከበሩ የሚርቀውን የሳሎን ጥግ ይምረጡ፤ ከሶፋና ከመጋረጃ ያርቁት፤ በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ ያስቀምጡት፤ ምንጣፍ ላይ አይሁን። ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃም አጠገቡ አይድረስ።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው ብዙም የማይታሰበውን የነዋሪዎች የጋራ መገልገያ ቤት፣ ኮሙናሉን ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ማንም አያድርበትም። በአንድ ብሎክ ሦስት አራት ባለ ሳይክሎች ካሉ ተነጋግረው ከኮሚቴው አንድ ጥግ ቢጠይቁ፣ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር በባለሙያ ቢያስገቡ፣ የሚቆለፍ የሽቦ በር ቢያሠሩ፣ ወጪው ለእያንዳንዱ ሲካፈል የሚከብድ አይደለም። ጥበቃውም ዓይኑን ይጥልበታል። ሰውን ባትሪውን መኝታ ቤት ድረስ የሚያስገባው የሌባ ስጋት ነው፤ ስጋቱ እውነተኛ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም፤ መልሱ ግን ቁልፍ እንጂ አልጋ ሥር አይደለም።

የግቢ ቤት ተከራዮች ጉዳይ ይለያል። ጭቃ ቤት፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የማዳበሪያ ወይም የአቡጀዲ ኮርኒስ ከሆነ እሳት ከደረሰው የሚያቆመው የለም። በሩም አንድ ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የሊቲየም ባትሪ አይሞላ። ከውጭ ጣሪያ ያለው በረንዳ፣ ከመኖሪያው የተለየ የብሎኬት ሰርቪስ፣ ያም ከሌለ የሥራ ቦታ ይሁን። ባትሪው ከሳይክሉ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ቀን ሥራ ቦታ፣ ሰው እያየው መሙላት ለአንድ ክፍል ተከራይ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።

አከራይን ማስፈቀድም አለ። «እትዬ፣ በረንዳው ላይ ባትሪ ልሞላ ነበር፣ ይፈቅዱልኛል?» ሲባል የመጀመሪያው ጭንቀት ቆጣሪው ነው። ለዚህ መልስ አለ። 48 ቮልት፣ 20 አምፒር-ሰዓት (የባትሪው የመያዝ አቅም) የሆነ ባትሪ ከባዶ እስኪሞላ የሚወስደው ወደ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሦስት ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ይህን ሲሰሙ «ገንዘቡስ ይቅር ልጄ፣ ቤቴን እንዳታቃጥልብኝ» ካሉ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል። የት እንደሚያስቀምጡት፣ መቼ እንደሚነቅሉት ወስደው ያሳዩአቸው።

የባትሪው ዓይነት

ገበያ ላይ ሦስት አሉ። አንደኛው ብዙዎቻችን ደረቅ ባትሪ የምንለው የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ነው። ለ48 ቮልት አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ይደረደራሉ፤ 20 አምፒር-ሰዓት ሲሆን አራቱ አንድ ላይ ከ25 ኪሎ ያልፋሉ። ይህን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት አይታሰብም። ዕድሜውም አጭር ነው፤ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ቢሞላ ነው፣ እስከ መጨረሻው እያሟጠጡ ከነዱት ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ግን እንደ ሊቲየም በራሱ አይቀጣጠልም። አደጋው ሌላ ነው፤ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊያወጣ ይችላል፣ ይህ ጋዝ ደግሞ ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ በብልጭታ ይፈነዳል። በቁም ሳጥን ወይም በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አይሞላም። አየር ባለበት በረንዳ ላይ ግን ከችግር ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ምድር ላይ ላለ፣ በረንዳ ላለው፣ ገንዘብም ለሚያጥረው ሰው እኔ ያለ ማመንታት ይህን እመክራለሁ። ከማይታወቅ ርካሽ ሊቲየም ይሻለዋል።

ሁለተኛው በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ሳይክል ላይ የሚመጣው የኒኬልና ማንጋኒዝ ሊቲየም ነው። ቀላል ነው፣ በእጅ ተንጠልጥሎ ፎቅ ይወጣል፣ ከ500 እስከ 1000 ጊዜ ይሞላል። ሲበላሽ ግን ከሦስቱ በኃይል የሚነደው እሱ ነው። ሦስተኛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ትንሽ ይከብዳል፣ ይወደዳል፤ 2000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይሞላል፣ ለመቀጣጠልም ከሁለተኛው ይልቅ ያስቸግራል። ፎቅ ላይ ለሚኖርና ሳይክሉን በየቀኑ ለሥራ ለሚጠቀም ሰው ልዩነቱ የሚከፈልበት ነው።

ችግሩ ሱቅ ውስጥ ሁለቱም «ሊቲየም» መባላቸው ነው። መለያው ባትሪው ላይ የተጻፈው ቮልት ነው። 51.2 ቢል አይረን ፎስፌት ነው፤ ባለ 3.2 ቮልት አሥራ ስድስት ሴል ማለት ነው። 46.8 ወይም 48.1 ቢል የኒኬሉ ነው፤ አሥራ ሦስት ሴል። ዝም ብሎ 48 ብቻ ከሆነ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ።

የተፈታ ባትሪ እንደገና ተገጥሞ በላስቲክ ብቻ ተጠቅልሎ ከመጣ፣ የአምራች ስም ከሌለው፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይለፉት። ሴሎቹ ዕድሜያቸው እኩል ስላልሆነ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይሞላና ይጎዳል። ዩኤል የሚባለው የአሜሪካ የደህንነት መርማሪ ድርጅት ባወጣቸው ደረጃዎች፣ ዩኤል 2271 የባትሪው፣ ዩኤል 2849 ደግሞ የመላው የሳይክል ኤሌክትሪክ ክፍል የደህንነት ደረጃ ነው። ምልክቱ ካርቶኑ ላይ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፣ ባትሪው ራሱ ላይ ይፈልጉት።

ቻርጀሩ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ የሰው ቤት የሚያቃጥለው ስህተት በአብዛኛው እዚህ ስለሚጀምር።

ቻርጀሩን ገልብጠው ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ሁለት መስመር አለ። አንዱ የሚገባው ነው፤ ከ220 ቮልታችን ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ሌላው የሚወጣው ነው፤ ወሳኙ ይህ ነው። «ባለ 48» ተብለው የሚሸጡ ቻርጀሮች የሚያወጡት ቮልት አንድ አይደለም። የኒኬል ሊቲየም ባለ አሥራ ሦስት ሴሉ 54.6 ቮልት ላይ ይሞላል። አይረን ፎስፌት ባለ አሥራ ስድስት ሴሉ 58.4 ላይ። የእርሳስ-አሲዱ ቻርጀር ደግሞ ወደ 59 ቮልት ይጠጋል። መሰኪያቸው ሊመሳሰል ይችላል፣ ሣጥናቸውም ያው ጥቁር ነው። የጎረቤትን የእርሳስ-አሲድ ቻርጀር ተውሶ በኒኬል ሊቲየም ላይ የሰካ ሰው ባትሪውን ከአቅሙ አራት ቮልት በላይ እየገፋው ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ፣ ቢኤምኤስ የሚባለው፣ ጤነኛ ከሆነ ያቋርጠዋል። ካልሆነ የሚያቋርጠው የለም።

ስለዚህ ንጽጽሩ አጭር ነው። አብሮ የመጣው ቻርጀር አንደኛ ነው። እሱ ከተቃጠለ፣ የሚወጣው ቮልት እስከ ነጥቡ ድረስ አንድ የሆነ፣ አምፒሩም ከቀድሞው ያልበለጠ ይግዙ። «ፈጣን» የሚባሉ ባለ 5 ወይም ባለ 8 አምፒር ቻርጀሮች አምራቹ ካልፈቀደ ይቅሩ፤ ቶሎ ይሞላሉ፣ ባትሪውንም ያሞቃሉ። ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ባትሪ ካለ በቻርጀሮቹ ላይ በቀይና በነጭ ፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ ለልጆችም ይንገሩ።

ቻርጀሩ ለብ ማለቱ የተለመደ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ የመሰኪያው ጫፍ ቡናማ ካደረገ ሥራው አብቅቷል።

ሶኬት ወይስ ዲቫይደር

የግድግዳ ሶኬት። ቻርጀሩ ራሱ ከ100 እስከ 200 ዋት ገደማ ስለሆነ ብዙ አይጎትትም፤ ጣጣው ያው ዲቫይደር ላይ ስቶቭ ወይም ምጣድ ሲጨመር ነው። የላላ ሶኬት በኤሌክትሪሺያን ይቀየር።

ማታ ወይስ ቀን፤ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ማታ ሰክቶ መተኛት የተለመደ ነው። ሊቲየም ከሆነ አልስማማበትም፤ ለዚህም የእኛ ሰፈር የራሱ ምክንያት አለው። መብራት ሌሊት ይጠፋል፣ ሌሊት ይመጣል። ሲመጣ አንዳንዴ በኃይል ነው፤ አምፖል እንደሚያቃጥለው ሁሉ ቻርጀርም ያበላሻል። ነቅተው ቢሆን ሲጠፋ ነቅለው፣ ከመጣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው መልሰው ይሰኩታል። ተኝተው ግን ማን ይነቅለዋል?

ምሽት በቂ ነው። ግማሽ የቀረው 20 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በባለ 3 አምፒር ቻርጀር ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ይፈጅበታል። ከሥራ ሲመለሱ፣ ዳገት የወጣው ባትሪ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ቢሰኩት ከመኝታ በፊት ያልቃል። ሊቲየም እስኪሟጠጥ መጠበቅን አይወድም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መሙላት ይስማማዋል። 80 ወይም 90 በመቶ ላይ መንቀል ዕድሜውን ያረዝማል፤ ሴሎቹ እኩል እንዲሆኑ አልፎ አልፎ እስከ ላይ ቢሞላ ይበቃል። ታይመር ያለው ሶኬት ከተገኘ እረስቼ ብተኛስ ለሚል ሰው ጥሩ መጠባበቂያ ነው።

ምሽቱን ሙሉ መብራት የሌለበት ሰፈር ከሆነስ? ቀን ሥራ ቦታ፣ ወይም እሁድ ቤት ሆነው ይሙሉ። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ላይ ግን ምሽት አይበቃም፤ ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈልጋል፣ ሳይሞላ መቅረትም ይጎዳዋል። አየር ባለው በረንዳ ላይ፣ ሳይከደን፣ በትክክለኛው ቻርጀር ሌሊት ቢሞላ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ካለ ሊቲየም እጅግ የተሻለ ነው።

ክረምት፣ ውርጭና ረጅም ጉዞ

ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ሳይክል የሚያሳርፍበት ሰፈር አለ። ባለ ብዙ ግፊት ውሃ ባትሪው መቀመጫ ላይ አይልቀቁ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። የረጠበ የቻርጅ ቀዳዳ እስኪደርቅ አይሰካም።

ለመስቀል ወደ አገር ቤት ለሳምንታት የሚሄድ ሰው የሁለቱን ባትሪ ደንብ እንዳያምታታ። ሊቲየም በግማሽ ይቀመጣል፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ። ሙሉ ሆኖ ወራት መቆየቱ ያስረጀዋል፣ ባዶ ሆኖ መቆየቱ ይገድለዋል። እርሳስ-አሲድ ተቃራኒው ነው፤ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል፣ በየወሩ ይሞላል፤ ባዶ ከተተወ ውስጡ ሰልፌት ይጋገርበትና አይመለስም። ሁለቱም ሳይሰኩ ይቀመጣሉ።

ባትሪ ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ያለ ቦታ ይስማማዋል። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ አየር ዕድል ሰጥቶናል፤ ጥላ ያለው የብሎኬት ክፍል ያለ ምንም መሣሪያ ተስማሚ ነው። ቆርቆሮ ሥር ያለ ቆጥና ፀሐይ የሚመታው የዘበኛ ቤት ግን ቀትር ላይ ይጋላሉ። ሱሉልታና እንጦጦ አካባቢ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ከተሞላ ውስጡ በማይታይ ሁኔታ ይጎዳል። ውጭ ያደረ ባትሪ ጠዋት ቀዝቅዞ ከተገኘ ወደ ቤት አስገብተው ቅዝቃዜው እስኪለቀው ይጠብቁ፤ ከዚያ ይሙሉት። መንዳት ይቻላል፤ መሙላቱ ነው የሚጎዳው።

ሚስማር፣ ቁልፍና ሽቦ ካለበት ሳጥን ጋር አብሮ አይቀመጥ። ሁለቱን ጫፎች ብረት ቢያገናኛቸው ብልጭታው ለእሳት ይበቃል።

ሲያብጥ፣ ሲያፏጭ፣ ሲያጨስ

ያበጠ፣ የወደቀና የተሰነጠቀ፣ ጣፋጭ ወይም የኬሚካል ሽታ ያመጣ ባትሪ አይሞላም፤ «አንዴ ልሞክረው» የለም። ገና ካልሞቀ ከቤት አውጥተው ከማንኛውም ነገር አርቀው አሸዋ ወይም ባዶ መሬት ላይ ያስቀምጡት።

ማፏጨት ወይም ማጨስ ከጀመረ ግን በእጅዎ አይንኩት፤ ተሸክመው ለመውጣትም አይሞክሩ። ሰዉን ያስወጡ፣ በሩን ከኋላዎ ይዝጉ፣ ከቻሉ ብሬከሩን ያጥፉ፣ ጎረቤት ይጥሩ፣ 939 ይደውሉ፤ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን ይንገሯቸው። መብራቱ ከተቋረጠ ብዙ ውሃ ባትሪውን ስለሚያቀዘቅዝ ይረዳል፤ ግን እሱ ከደህና ርቀት ለሚችል ሰው ነው። የጠፋ የሚመስል ባትሪ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊነሳ ስለሚችል ወደ ቤት አይመለስ።

ያለቀ ባትሪ

ያለቀ እርሳስ-አሲድ ባትሪ ገዢ አለው። አሲዱን ደፍተው ወይም ከፍተው አይሽጡት፤ እርሳሱ ለልጆች መርዝ ነው። ያለቀ ሊቲየም ግን ለቆራሌው አይሰጥም፤ ማዳበሪያ ውስጥ ከብረት ጋር ተወርውሮ፣ በመዶሻ ተመቶ ሊነሳ ይችላል። ቆሻሻ ገንዳም አይጣልም። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነው ወደ ሸጠልዎ ሱቅ ይመልሱ። ይህን የሚያስቡት ግን ሲያልቅ ሳይሆን ሲገዙ ነው፤ ገንዘቡን ከመቁጠርዎ በፊት «ሲያልቅ ትቀበሉኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለት ሱቆች በዋጋ ተቀራራቢ ከሆኑ አሮጌውን የሚቀበለውን፣ የዚያኑ ባትሪ ቻርጀርም ለብቻው የሚሸጠውን ይምረጡ።